የልጄን ፓርቲሽን ያጠፋሁ ጊዜ

ልጄ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ላፕቶፗን ለእኔ ተወችልኝ። «መሥሪያ ቤቱ አዲስ ይሰጠኛል፤ ይኼ ፈተና መጻፊያ ይሁንህ» አለችኝ። ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ ጭነን፣ ረዳቱ በሩን ዘግቶ፣ መኪናው ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ አየሁና ወደ ቤት ተመለስኩ። እንጅባራ የዚያን ቀን ጭጋግ ወርዶባት ነበር። ቤት ስገባ ላፕቶፑ ከነገመዱ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

እናቷና እኔ የተለያየነው ልጅቷ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ነው። እናቷ ሌላ ትዳር መሥርታ ቻግኒ ገባች፤ ልጅቷ ከእኔ ጋር ቀረች። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አንድ ክፍልና አንዲት ማድ ቤት ተከራይተን ኖርን። ማታ ማታ እሷ ታጠናለች፣ እኔ ደብተር አርማለሁ፤ የተቀቀለውን ድንች ማን ተነስቶ ያውጣ በሚለው እንከራከራለን። ከዚያ በላይ ብዙም አናወራም ነበር። ከሄደች በኋላ ግን ማታው ረዘመብኝ። የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው፤ እራታቸውን በልተው በጊዜ ይተኛሉ። ከእሳቸው መብራት መጥፋት በኋላ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የእኔ ሳል ብቻ ነው።

ልጄ የተማረችው ኮምፒውተር ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለች አንድ የክረምት እረፍት ላይ የላፕቶፑን ዲስክ ለሁለት ከፈለችው፤ ክፍሎቹን ፓርቲሽን ትላቸዋለች። ሲበራ ጥቁር ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል። የላይኛው ሊነክስ የሚባለው ነው፤ የእሷ። የታችኛው ዊንዶውስ ነው፤ የእኔ። «አባዬ፣ አንተ በቀስቷ አንዴ ወደ ታች ትወርድና ኢንተር ትላለህ። በቃ፣ ሌላ ነገር አትንካ» ብላ አስተማረችኝ። እኔም ሌላ ነገር ሳልነካ ቆየሁ። እሷ ከሄደች በኋላም በየቀኑ የላይኛውን መስመር አልፌ ወደ ታችኛው እወርዳለሁ።

የነካሁት የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በደረሰ ሰሞን ነው። ውርጭ የሚጥልበት፣ የአዊ ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ሜዳው ላይ የሚለማመዱበት ሰሞን ነበር። ላፕቶፑ «ቦታ የለኝም» ማለት ጀመረ። ሲ የሚባለው ክፍል ሞልቶ ቀይ ሆኗል። አንድ ጊዜ ለመምህራን በተሰጠ ሥልጠና ላይ የዲስኩን አከፋፈል የሚያሳየውን ገጽ ሲከፍቱ አይቼ ነበርና ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ያንን ከፈትኩ። ገጹ ላይ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ከሁሉም ትልቁ አጠገብ ሌላ ሰፊ ሣጥን አለ፤ ስም የለው፣ እንደ ሲ ያለ ፊደል የለው። ባዶ መሰለኝ። ይህን ያህል ቦታ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እኔ ቦታ አጣሁ ማለት ነው አልኩ። «አጥፋ» የሚለውን ተጫንኩ። በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ማስጠንቀቂያ መጣ። አላነበብኩትም። አዎ አልኩት።

የተለቀቀውን ቦታ ሲ ላይ ልጨምረው ብሞክር እምቢ አለኝ። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ገብታ ነበርና በእሷ ላይ ዘሎ መቀጠል አይችልም መሰለኝ። ደጋግሜ ሞከርኩና ተናድጄ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ስከፍተው ሁለቱ መስመሮች አልመጡም። ጥቁር ገጽ ላይ «እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ፤ ከሥሩ የምትብለጨለጭ አንዲት ጭረት። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ካበራሁት በኋላ ነው የገባኝ። ያ ስም የሌለው ሣጥን የልጄ ነበር። ከዊንዶውስ በኩል ሲያዩት የማይነበብ፣ ስሙ የማይታይ የእሷ ወገን ነበር። አራት ዓመት ስትጽፍበት፣ ስትሠራበት የነበረውን እኔ አንድ ቁልፍ ተጭኜ አጠፋሁት።

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ሰማሁ። ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አርፍጄ የገባሁት ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተሮቹን የሚጠብቅ ባለሙያ አለ። ላፕቶፑን በጋቢዬ ሥር አድርጌ ወስጄ አሳየሁት። አየት አደረገና፣ «መምህር፣ ይኼ ቀላል ነው። ፎርማት እናድርገውና አዲስ ዊንዶውስ እንጫንበት፤ ከሰዓት ይውሰዱት» አለኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«ውስጡ ያለው ይጠፋል። ምን ነበረዎት?»

«የእኔ ፈተናዎች አሉ። የልጄም ነገር አለ።»

«ልጅዎ አዲስ አበባ አይደለች? የሚያስፈልጋትን ይዛ ሄዳለች።»

አመስግኜው ላፕቶፑን መልሼ በጋቢዬ ሥር አስገባሁ። ፈተናውን በእጄ ጽፌ ለጸሐፊዋ ሰጠኋት፤ በአንድ ቀን ተይባ አወጣችው። ስለዚህ ለእኔ ሥራ ሲባል የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም። ግን እንቅልፍ አጣሁ። ኢንተርኔት ስልኬ ላይ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፈልጌ ማንበብ አልቻልኩም። ዳንግላ ውስጥ ከተበላሸ ዲስክ የጠፋ ነገር የሚመልስ ሰው እንዳለ የነገረችኝ ያችው ጸሐፊ ናት። በዚያ ሳምንት ደግሞ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ።

እሑድ ልጄ ደወለች። ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት ነው የምትደውለው።

«አባዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ። ብርዱ እንዴት ነው?»

«ውርጭ ነው። ድንቹን መታው ይላሉ።»

«ወፍራሙን ሹራብ ልበስ እንጂ።»

«ለብሻለሁ።»

ልነግራት አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ከኋላዋ የሰዎች ሳቅ ይሰማል፤ አንድ ሰው በስሟ ጠራት። «እሺ አባዬ፣ በሌላ ጊዜ በደንብ እናወራለን» አለች። እሺ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ምን ያህል እንዳወራን አየሁት። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

መንገዱ ተከፈተ ሲባል በሚቀጥለው ቅዳሜ ማለዳ ዳንግላ ለመሄድ ተነሳሁ። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። አዲስ ቅዳም ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ነውና መንገዱ በከሰል ጆንያና በጋሪ ተሞልቷል፤ ሚኒባሱ እግረኛ እየቀደመው አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት የፎጣውን ጥቅልል አይተው፣ «ዳቦ ነው?» አሉኝ በአዊኛ። ኮምፒውተር ነው አልኳቸው። «ታሞብህ ነው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ይማረው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሳቄ መጣ። ከሳቅኩ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም።

የጠጋኙ ሱቅ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ነው። ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ በተከፈቱ ሬዲዮኖችና ቴፖች ተሞልቷል። ሰውዬው በእኔ ዕድሜ ይሆናል፤ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ዱሮ የሬዲዮ ጠጋኝ እንደነበር፣ ሬዲዮ የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ በዕድሜው ኮምፒውተር እንደተማረ በኋላ ነገረኝ።

የሆነውን ሁሉ ተናዘዝኩለት። ምን እንዳየሁ፣ ምን እንደተጫንኩ፣ ማስጠንቀቂያውን እንዳላነበብኩ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«ካጠፉት በኋላ በቦታው ላይ ሌላ ነገር ጽፈውበታል?»

«ሲ ላይ ልጨምረው ሞክሬ እምቢ አለኝ።»

«እምቢ ማለቱ ነው ያተረፈዎት» አለ። «ፓርቲሽን ሲጠፋ እኮ የሚጠፋው ከየት እስከ የት እንደሆነ የተጻፈበት መዝገብ ነው። ውስጡ ያለው ካልተደረበበት ባለበት ይቀመጣል። ተስፋ አለው።»

ሲያበራው አንዷን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነና አንድ ዝርዝር አወጣ። ከዝርዝሩ ውስጥ ዊንዶውስን መረጠ። የእኔ ወገን ልክ እንደ ድሮው ተከፈተ፤ ፈተናዎቼ ሁሉ በቦታቸው አሉ።

«የእርስዎ ይኸው። የልጅዎን ልተወው ወይስ ልፈልገው?»

«ይፈልጉልኝ» አልኩት።

የጠፋ ፓርቲሽን የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ አስነሳ። ጥቁር ገጽ ነው፤ ከላይ ቁጥር ይቆጥራል። ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዳሰሰ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል አለኝ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው በመብራት ብቻ ነው። ከግማሽ ሲያልፍ መብራት ጠፋ።

ሁለታችንም ጨለማ ስክሪን ላይ አፍጥጠን ቀረን።

«የሚጎዳው ነገር አለ?» አልኩት።

«የለም። እያነበበ እንጂ እየጻፈ አይደለም። እንደገና መጀመር ነው። እስከዚያ ምሳ እንብላ።»

በአቅራቢያው ባለች ምግብ ቤት ሽሮ አዘን በላን። የት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አካባቢ ገጠር ነኝ ስለው በአዊኛ ቀጠለ፤ የእሱም የእናቱ አገር እዚያው አካባቢ ነው። በአዊኛ ስናወራ አንቱታው ቀለል አለ። ልጄን ትንሽ ሳለች በአዊኛ አወራት እንደነበር፣ እሷ በአማርኛ ትመልስልኝ እንደነበር ነገርኩት።

«የእኔም እንደዚያው ናቸው» አለ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች አሉት፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ዓረብ አገር።

«ይጠይቁሃል?» አልኩት።

«ይደውላሉ» አለ።

እኔም ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው እንዲሁ ነው። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ተነስተን ወጣን።

መብራቱ ስምንት ሰዓት አልፎ መጣ። ፍለጋውን ከመጀመሪያው ጀመረው። እሱ የአንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ ይነካካል፤ እኔ ቁጥሩን አያለሁ። ደንበኛ ሲመጣ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አሸሻለሁ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ገጹ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ። ጠጋኙ መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ።

«መጣች» አለ።

መስመሯ ሊነክስ ትላለች፤ መነሻዋና መድረሻዋ በቁጥር ተጽፏል። በእርግጥ እሷ መሆኗን ለማጣራት ውስጧን ገልጦ የፎልደሮቹን ስም አወጣ። በላቲን ፊደል የተጻፉ ናቸው። የትምህርት ዓይነቶች ስም አለ፤ ያልገቡኝ ብዙ አሉ። ከመካከላቸው አንዱ «አባዬ» ይላል።

«ልክፈተው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት። ምን እንደያዘ ማወቅ ፈልጌ ነበር። ግን የልጄን ነገር አንዴ ሳልጠይቃት ነክቼ እዚህ ደርሻለሁ፤ ደግሜ ልነካው አልፈለግሁም።

መዝገቡን መልሶ ጻፈው። አጥፍቶ ሲያበራው ሁለቱ መስመሮች ተመልሰው መጡ። የላይኛው የእሷ፣ የታችኛው የእኔ። እጁን ይዤ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። «ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ያንብብ» አለኝ እየሳቀ፣ እኔን ሌላ ሰው አስመስሎ።

እንጅባራ ስደርስ መሽቶ ነበር። ራቴን ሳልበላ ላፕቶፑን አበራሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ሳልወርድ ኢንተር አልኩ። የእሷ ወገን ተከፈተ። ከጀርባው የዘንገና ሐይቅ ፎቶግራፍ አለ። አብረን የሄድን ቀን ያነሳችው ነው፤ ዳር ላይ ዛፍ ሥር የተቀመጥኩ እኔ በጣም ትንሽ ሆኜ እታያለሁ። ፎቶውን እንዳነሳችኝ አላውቅም ነበር። ከፎቶው ላይ ስሟና የይለፍ ቃል መጻፊያ ባዶ ቦታ አለ። የይለፍ ቃሉን አላውቀውም። ትንሽ አየሁትና አጠፋሁት።

በማግሥቱ እሑድ እስክትደውል አልጠበቅሁም። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ እኔው ደወልኩላት። ደነገጠች።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ።»

ነገርኳት። ሣጥኑን፣ ጥቁሩን ገጽ፣ ዳንግላን፣ መብራት መጥፋቱን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማሁ። ያለቀሰች መሰለኝ። ለካ ሳቋን ይዛ ነው።

«አባዬ፣ እሱን እኮ ከመሄዴ በፊት ገልብጬ ወስጄዋለሁ። ሁሉም እኔ ጋ አለ። ብትነግረኝ ኖሮ በስልክ እናስተካክለው ነበር፤ ካልሆነም ተወው እልህ ነበር።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ለዚህ ነው ዳንግላ ድረስ የሄድከው?»

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁበትን ነገር እሷ ረስታዋለች። የይለፍ ቃሉን ብጠይቃት፣ «ቆይ... ምን ነበር? እኔንጃ፣ ጠፋኝ» አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ልጄ ምንም አልጎደለባትም፤ እኔ ግን የምጠብቅላት ነገር ያለ መስሎኝ ነበር።

«አንድ ፎልደር አይቼ ነበር» አልኳት። «አባዬ የሚል።»

«እ፣ እሱ ያንተ ፈተናዎች ናቸው። ቫይረስ ሲበላብህ እንዳይጠፉ በየጊዜው ወደ እኔ ወገን እገለብጣቸው ነበር። አልነገርኩህም?»

«አልነገርሽኝም።»

«በየዓመቱ የጻፍከው ሁሉ አለ። እኔ ጋም አለ። ልላክልህ?»

«አይ፣ ይቀመጥ» አልኳት። ድምፄ ስለተለወጠ ሳልኩኝ።

«አባዬ፣ ብቻህን ከብዶሃል?» አለችኝ። እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።

አልከበደኝም ልላት ነበር። ለብዙ ሰው የምሰጠው መልስ እሱ ነው። ከዚያ ስለ ዳንግላው ሰው ያሰብኩ መሰለኝ፤ «ይደውላሉ» ሲል ሽሮው ላይ አቀርቅሮ ነበር።

«ማታ ማታ ይከብደኛል» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። ስለጠየቅሽኝ ነው የነገርኩሽ።»

ያን ቀን ሃያ ደቂቃ አወራን። ስለ ሥራዋ ነገረችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። አንዳንዴ አብሯት የሚበላ ሰው አጥታ ብቻዋን እንደምትበላ ነገረችኝ። እሷ እንኳ ሰው አላት ብዬ ነበር እኔ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ነገር ተለወጠ ብል ውሸት ነው። ለተወሰነ ጊዜ ረቡዕ ረቡዕም ትደውል ነበር፤ ከዚያ ሥራ በዛባትና ወደ እሑድ ተመለስን። ለፋሲካ መጥታ ላፕቶፑን አየችው። «አሁን የእኔን አጥፍቼ ቦታውን ልጨምርልህ» አለችኝ። ሲ ዛሬም ቀይ ነው። አሰብኩበትና እንዲቀመጥ ነገርኳት። አልተከራከረችኝም።

ዳንግላ በወር አንዴ ሁለቴ እሄዳለሁ፤ መንገድ ሲከፈት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የሄድኩት የሚሠራ ነገር ፈጥሬ ነው፤ የፊደል ገበታው አንዷ ቁልፍ ላላችብኝ ብዬ። ጠጋኙ አየት አድርጎ፣ «ይህች ምንም አልሆነች» አለ። ወንበሩን ግን ከሬዲዮኖቹ መሐል ስቦ አወጣልኝ። ሲሠራ አየዋለሁ፤ ምሳ አብረን እንበላለን። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ወደ መናኸሪያ እወጣለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ተዘግቶ ቀረሁ። ለጠጋኙ ደወልኩለት፤ ስልኩ አይሠራም። ከሰዓት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ደብተር ሳርም ዋልኩ። አሮጊቷ የቤቱ ባለቤት ከመድረካቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ዛሬ አልሄድክም?» አሉኝ። መንገድ ተዘግቷል አልኳቸው። «እንግዲያስ ና፣ ድንች ቀቅያለሁ» አሉኝ። በዚህ ግቢ ውስጥ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ኖሬ ቤታቸው ገብቼ አላውቅም ነበር። ደብተሮቹን ሰብስቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩና ሄድኩ።